ሠላሳ ስድስት ነጥቦች

ግንቦት 4 ቀን 2000 ዓ.ም.

ዛሬም ያው። አሥራ አንድ ማመልከቻ፣ ሦስት የጠፋ መታወቂያ፣ አንድ ፍቺ። የፍቺው ሰውዬ ከጽጽቃ ነው የመጣው። "ልጄ፣ ስድቡንም ጻፊው" አለኝ። ፍርድ ቤት ስድብ አይቀበልም ብዬ ብነግረው "ታዲያ እኔ ስቀበል የኖርኩት ምን ዕዳ ኖሮብኝ ነው?" አለ። ሳቄ አመለጠኝ። እሱም ሳቀ። ሚስትየውን ሳይወዳት አይቀርም።

ከዘጠኝ ሰዓት በኋላ ሰው ጠፋ። ጋሽ እንግዳው ለቅሶ ሄዱ። ጽሕፈት ቤቱ የሳቸው፣ ኮምፒውተሩ የሳቸው፣ እኔ ተቀጣሪያቸው... ለቅሶ ሲሄዱ ግን ሁሉም የኔ ነው። እግዜር ይቅር ይበለኝ፣ የሰው ሞት የምወድ ሆኛለሁ።

የምሠራው ጌም መርከብ ተንቀሳቀሰች! ግራ። ቀኝ። ተኩስ። ካሬ ደብተሬ ላይ አሥራ ስድስት በአሥራ ስድስት ካሬ አጥቁሬ የሣልኳት የጠፈር መርከብ፣ እሷው ራሷ፣ ስክሪን ላይ! ብቻዬን እልል ልል ነበር። በመንገዱ የሚያልፍ ሰው ከውጭ "ምን ነካት?" ሲል ሰማሁ።

ገና ጠላት የላትም። ባዶ ጠፈር ላይ ነው የምትተኩሰው። እንደኔ።

ግንቦት 6

የድሮ ክፍሌ ልጆች በበሩ አለፉ። በዩኒፎርም። አንዷ እጇን አወዛወዘችልኝ... አልመለስኩም። ሥራ ላይ ነበርኩ። (አልነበርኩም።)

አልቀናሁም። ምን አላቸውና? ፕላዝማ? ቴሌቪዥን ውስጥ ያለ መምህር ይጠይቃል፣ አምስት ቆጥሮ "በጣም ጥሩ! ትክክል!" ይላል። ማንም ሳይመልስለት። ጥር ላይ "ገና አልመለስኩም!" ብዬ ጮህኩበት። ክፍሉ በሳቅ ፈረሰ። ተቆጣጣሪው መምህር ውጪ አሉኝ። "የጮህኩት በቴሌቪዥኑ ነው፣ እርስዎን ምን አገባዎት?" አልኩ። ወላጅ አምጪ። አላመጣም። በቃ፣ ዘጠነኛ ክፍል እዚያ ላይ ቀረ።

እማዬ እስካሁን "ከቴሌቪዥን ተጣልታ ትምህርት የተወችው ልጄ" እያለች ነው ለሰው የምታስተዋውቀኝ።

ግንቦት 11

ያ ሞጁል ሊያሳብደኝ ነው። መጋቢት ላይ አንድ ሰው የፕሮግራም መጽሐፍ ፎቶ ኮፒ ሊያስደርግ አመጣ። ለሱ አንድ፣ ተደብቄ ለኔ አንድ አነሣሁ። ቸኩዬ የፊት የፊቱን ብቻ! ስለዚህ የማውቀው ጎዶሎ ገጾቹን ነው። 1፣ 3፣ 5... አንዱ ትምህርት ገጽ 47 ላይ ይጀምርና "ነገር ግን" ብሎ ያልቃል። ነገር ግን ምን? 48 ላይ ነዋ። 48 የለኝም። እየገመትኩ ነው የምሞላው። ኮምፒውተሩ ሲሳደብ ግምቴ ስህተት እንደነበረ አውቃለሁ።

ግንቦት 14

ጠፈር ላይ ምን ያጣላቸዋል? ይሄን ሳልወስን ጌሙን መቀጠል አልቻልኩም። ሰው ያለ ምክንያት አይተኩስም።

ዛሬ ቦኖ ተራ ላይ ቆሜ ተገለጠልኝ። ውሃ! አንዲት ሴትዮ የሌላዋን ጄሪካን ገፍታ የራሷን አስቀደመች። ከዚያ በኋላ የሆነውን የወረዳው ፖሊስ ነው የሚያውቀው። ስለዚህ ጠፈር ላይ አንድ ትልቅ የበረዶ ድንጋይ አለ፣ ሁሉም መርከብ ለሱ ነው የሚዋጋው። የመጀመሪያው ደረጃ ስም "ቦኖ"።

ግንቦት 19

ጠላቶቼ ችግር ሆኑ። በሰልፍ ይወርዳሉ፣ በሰልፍ ይሞታሉ። የሰንበት ተማሪ ይመስላሉ። ማን ይፈራቸዋል?

ጠዋት ጭልፊት የእማዬን ጫጩት ወሰደች። ሦስተኛዋ ናት። እማዬ በኽምጣንጋ እርግማኑን አወረደችው (ስትናደድ አማርኛው ይጠፋታል)። እኔ ደብተሬን ይዤ ወጣሁ። "አንቺ እብድ! ድንጋይ አንሺ እንጂ እርሳስ ምን ያደርጋል?"

አየኋት ግን። ዝም ብላ አትወርድም። ትዞራለች... ትዞራለች... ዙሯ እየጠበበ ይመጣል። ከዚያ ከፀሐይ በኩል ትወረወራለች። ሁልጊዜ ከፀሐይ በኩል! ዶሮዋ ቀና ስትል ዓይኗ ይጭበረበራል፣ እስክታይ ጫጩቷ የለችም።

ጠላቴ ተገኘ።

ክብ እንዴት ይሠራል ታዲያ? ሞጁሉ ላይ የለም (ጎዶሎዎቹ ላይ ማለቴ ነው)። ሰሃን አመጣሁ። ካሬ ደብተሩ ላይ ደፋሁት፣ በእርሳስ ዞርኩት። ከዚያ በክቡ ዙሪያ ነጥብ፣ ነጥብ፣ ነጥብ... ከመሐል ወደ ቀኝ ስንት ካሬ፣ ወደ ታች ስንት ካሬ። እየቆጠርኩ። ሠላሳ ስድስት ነጥብ፣ ለእያንዳንዱ ሁለት ሁለት ቁጥር። ገና ግማሹ ላይ ነኝ። ዓይኔ ካሬ ካሬ ሆኗል።

ግንቦት 21

ዞረች!!!

ሰኔ 2

ከደሴ አንዲት መጣች። ማርታ። የጋሽ እንግዳው ሚስት የእህት ልጅ። ሃያ ዓመት ቢሆናት ነው። ኮሌጅ ጨርሳለች፣ ኮምፒውተር፣ ዲፕሎማዋ ላሚኔት የተደረገ። ጋሽ እንግዳው ግድግዳው ላይ ሰቀሉት፣ ከንግድ ፈቃዱ አጠገብ።

"ሠርካለም፣ ከዛሬ ጀምሮ ኮምፒውተሩ ላይ ማርታ ናት።"

"እኔስ?"

"አንቺ ፎቶ ኮፒውን ያዢ።"

"ከገጠር የሚመጡት በኽምጣንጋ ሲናገሩስ?"

"ትነግሪያታለሻ! አፍ አለሽ አይደል?"

ወንበሬን ወሰደች። ከነትራሱ። ትራሱን እማዬ ናት የሰፋችልኝ!

ሰኔ 3

ሳታይ ትጽፋለች። ዓይኗ ሰውዬው ላይ፣ ጣቶቿ እዚያ ብቻቸውን ይሮጣሉ። እኔ በሁለት ጣት ነው... እንደ ዶሮ እየለቀምኩ። ቀናሁ? አዎ ቀናሁ። ለራሴ ነው የምጽፈው፣ ምን እዋሻለሁ።

ሰኔ 9

ጌሙን አገኘችው። ደብቄውም አልነበር፤ ከደብዳቤዎቹ ጋር አንድ ፎልደር ውስጥ ነው ያለው።

"ይሄን ማን ሠራው?"

ጆሮዬ ጋለ። "እኔ።"

ዞራ አየችኝ። "ብቻሽን?"

"ታዲያ ከማን ጋር? ከፎቶ ኮፒው ጋር?"

ሳቀች። ሳቋ ደግሞ ያምራል። እሱም አናደደኝ።

"አብረን እንጨርሰው" አለች። እሺ አልኩ። ምን ልበል? ወንበሩ የሷ ነው።

ሰኔ 14

"ይሄ ምንድን ነው?" ትለኛለች። ሠላሳ ስድስት ነጥቦቼን ነው።

"ክብ።"

"ከየት አመጣሽው?"

"ከሰሃን።"

"ከሰሃን?!" አፏን ይዛ። "ሠርካለም፣ ሳይንና ኮሳይን እኮ አለ። በአንድ መስመር ያልቃል።"

አጠፋችው። ሁለት ቀን ሙሉ የቆጠርኩትን! አንድ መስመር ጻፈች፣ ጭልፊቷ ዞረች። ከኔዋ ይልቅ ክብ ሆና ዞረች። የኔዋ ትንሽ ትንገዳገድ ነበር... ሰሃኑ የተቆረሰ ጫፍ ነበረው።

"ሳይን ታውቂያለሽ አይደል? አሥረኛ ክፍል ላይ ነው።"

"አውቀዋለሁ" አልኩ።

ሰኔ 15

አላውቀውም።

ሰኔ 20

ዛሬ ትንሽ ደስ አለኝ። ከሰሃላ አንድ አባት መጡ፣ የመሬት ጉዳይ። በእግራቸው ነው የመጡት። አማርኛ የላቸውም። ማርታ ጣቶቿን ኪቦርዱ ላይ ዘርግታ ትጠብቃለች። ጣት ብቻውን ምን ይሠራል? ወደኔ አየች። እኔ ወረቀት አስተካክላለሁ። በጣም የሚስተካከል ወረቀት ነበር።

"ሠርካለም... ምን እያሉ ነው?"

ሳይንሽ ይተርጉምልሽ! (በሆዴ ነው።) ከዚያ ሰውዬው አሳዘኑኝ። ተረጎምኩ። ሲወጡ የኔን ራስ ነው የሳሙት። ማርታ አየች። አንገቷን ደፋች። ይቺም ትቀናለች እንዴ? ደስ ሲል!

ሰኔ 28

ነሐሴ 10 የወረዳው የወጣቶች በዓል አለ። ጋሽ እንግዳው ኮምፒውተሩን ተሸክመው አዳራሽ ሊያቆሙት ነው። "የኛ ማርታ የሠራችውን ጌም ለባለሥልጣኖቹ ታሳያለች!"

የኛ ማርታ የሠራችው!

አየኋት። አፏን ከፈተች። ደንበኛ ገባ። ዘጋችው። ደንበኛው ከወጣ በኋላስ? ያኔም አፍ አልነበራትም?

መርከቧን ማን ሣላት? ጭልፊቷን ማን አመጣት? እማዬ ሦስት ጫጩት ገብራበታለች!

ለመሆኑ የኔ ምን አለኝ? ትምህርት የለኝም። ወንበር የለኝም። አንድ ጌም ነበረኝ።

ሐምሌ 5

ሠራሁት። ማርታ ምሳ ስትወጣ።

ጌሙ ሲከፈት መጀመሪያ የኮምፒውተሩን ቀን ያያል። ነሐሴ 10 ቀን 2000 ከደረሰ ወይ ካለፈ... ሁሉንም አጥፍቶ ራሱን ይዘጋል። አዳራሽ ሙሉ ሰው ፊት! ባለሥልጣኖቹ ከፊት፣ ማርታ በአዲስ ቀሚስ፣ ስክሪኑ ጥቁር። "ምን ሆነ?" ይሏታል። "አላውቅም" ትላለች። ከነዲፕሎማዋ አላውቅም! ያኔ እኔ ከኋላ እነሣለሁ፣ ደብተሬን ይዤ... እስከዚህ ድረስ ነው ያሰብኩት።

መስመሩን ደበቅኩት። ከፊቱ ባዶ ቦታ እየጨመርኩ፣ እየጨመርኩ፣ ስክሪኑ የማያሳየው ድረስ ወደ ቀኝ ገፋሁት። እሱን የሚያይ እዚያ ድረስ መሄድ አለበት። ማን ይሄዳል?

የኮምፒውተሩ ቀን የኛው ቀን ነው። ደብዳቤ ላይ በራሱ እንዲወጣ ጋሽ እንግዳው በየማለዳው ያስተካክሉታል፤ ዛሬ ዓመቱ 2000፣ ወሩ 11፣ ቀኑ 5 ይላል። "ጥቅምት 30 ላይ ሁለተኛው ወር ሠላሳ የለውም ብሎ በፈረንጅ ይከራከረኛል፣ ጳጉሜንማ ጭራሽ አያውቃትም" እያሉ ይስቃሉ። ነሐሴ 10ን ግን ያውቃታል።

የማጥፊያው ትዕዛዝ ገጽ 61 ላይ ነው። ታች ላይ "ጥንቃቄ" ብሎ ያልቃል። ጥንቃቄው 62 ላይ መሆኑ ነው። ምን ጥንቃቄ አለው? ማጥፋት ማጥፋት ነው።

ሐምሌ 17

አባ ዘበነ ዛሬም መጡ። የደብራቸውን ታሪክ ከሰኔ ጀምሮ እያስጻፉ ነው። ወረቀት የላቸውም፣ ከራሳቸው ነው። ማን ተከለው፣ በማን ዘመን ተቃጠለ፣ ደወሉ መቼ ተሰነጠቀ... ማርታ ትተይባለች።

"አባ፣ ትንሽ ቀስ ይበሉልኝ።"

"እኔ ቀስ ብል ሞት ቀስ አይልልኝም፣ ልጄ።"

ሰባ ገጽ ደርሷል።

ከሰዓት ማርታን እናቷ በስልክ ፈለገቻት። ጓሮ ወጥታ አናገረቻት። ፎቶ ኮፒው ጋ ሆኖ ሁሉም ይሰማል። "እማ፣ ሥራ አለኝ አልኩሽ እኮ... ቤይሩት አልሄድም... ፓስፖርቱ ቢያልቅስ? ደላላው ይጠብቅ! ...እሺ፣ ከዚህ ካባረሩኝ ያኔ እሄዳለሁ። እሺ አልኩሽ።"

ተመለሰች። ዓይኗ ቀልቷል። "አቧራ ነው" አለች።

ለምን ሰማሁ? ሳልሰማ ብቀናባት ይቀለኝ ነበር።

ሐምሌ 24

"ሠርኬ፣ ነይ እስቲ።"

ሠርኬ! እናቴ እንኳ እንዲህ የምትለኝ ስታመም ነው።

ጭልፊቶቹን አምስት ስናደርጋቸው ጌሙ ይጎተታል። እንደ ጭነት አህያ። ኮምፒውተሩ አሮጌ ነው፣ በየእርምጃው ሳይን እያሰላ ይደክመዋል። "ያ የሰሃንሽ ቁጥር አለ?" አለች። ደብተሬን አወጣሁ። ሠላሳ ስድስቱን አንድ በአንድ አነበብኩላት፣ አስገባች።

ፈጠነ! አምስት ጭልፊት፣ ስድስት፣ ስምንት!

"ማስላት የለበትማ! አይቶ ብቻ ነው የሚሄደው። የኔ ያምራል፣ ያንቺ ይፈጥናል።" ቀጥላ ደግሞ ዝቅ ባለ ድምፅ፣ "በዓሉ ላይ አብረን ነው የምንቆመው። ትናንት ለጋሼ ነገርኳቸው፣ ጌሙ የሠርካለም ነው ብዬ። ያን ቀን ዝም ማለቴ ሲከነክነኝ ነው የከረመው።"

አፈርኩ። እኔ!

መስመሩን አሁኑኑ ላጥፋው... እሷ ከወንበሩ እስክትነሣ ጠበቅኩ። ልትነሣ ስትል መብራት ሄደ። እስክንዘጋ አልመጣም።

ሐምሌ 25

መብራት የለም። ነሐሴ 10 ገና ነው። አሥራ አምስት ቀን አለኝ። ምን አስቸኮለኝ?

ሐምሌ 26

ጠፋ። ሁሉም።

ውሃ ተራ ይዤ ዘገየሁ። ስደርስ መብራት መጥቷል፣ ማርታ ከደሴ ያስመጣችውን የቫይረስ ማጥፊያ ሲዲ እየጫነች ነው። "ቀኑ ስህተት ነው ብሎ እምቢ አለኝ" አለች። "በፈረንጅ አደረግኩለት፣ እሺ አለ።"

በፈረንጅ። ወር 8፣ ቀን 2፣ ዓመት 2008።

እኔ ገና በሩ ላይ ነኝ። "እስቲ ጌማችን እንዴት እንደሚሮጥ እንይ" ብላ ከፈተችው። "ቆ—" ብያለሁ። 2008 እኮ ከ2000 በስምንት ዓመት ያልፋል!

ስክሪኑ ጠቆረ። ተዘጋ። ፎልደሩ ባዶ። ጌሙ ብቻ አይደለም... ማመልከቻዎቹ። ደብዳቤዎቹ። የአባ ዘበነ ሰባ ሦስት ገጽ። ሁሉም አንድ ፎልደር ውስጥ ነበሩ። ሁሉንም አጥፋ ስለው ሁሉንም አጠፋ። ለካ ጥንቃቄው ይሄ ነበር! የኮምፒውተሩ ቆሻሻ ቅርጫት ውስጥም የለም። በፍሎፒ ዲስክ ያስቀረሁት ቅጂ የግንቦት መጀመሪያው ነው፤ መርከቧ ብቻ።

ማርታ ኪቦርዱን ደጋግማ ትመታለች። "ምን ነካሁ? ሠርኬ፣ ምን ነካሁ?"

ሄጄ ፎቶ ኮፒውን አበራሁ።

ሐምሌ 28

"ቀኑን ነክታ ነው! ከተገዛ ጀምሮ በኛ ቀን የኖረ ኮምፒውተር!" ጋሽ እንግዳው እንዲህ ሲቆጡ አይቼ አላውቅም።

"ጋሼ፣ ቀን መቀየር እኮ ፋይል አያጠፋም..."

"ታዲያ ምን አጠፋው? ጋኔን?"

መልሱን ከየት ታመጣለች? ዲፕሎማው ከግድግዳው ወረደ። ሚስማሩ ብቻ ቀረ። እስከ ዓርብ ትቆያለች፣ ከዚያ ወደ ደሴ። ወደኔ ዞረው "ሠርካለም፣ ተቀመጪ" አሉኝ።

ተቀመጥኩ። ወንበሩ የኔ ሆነ፣ ከነትራሱ። ሁለት ወር የተመኘሁት።

ምን ሆኖ ነው የሚቆረቁረው?

ሐምሌ 29

አባ ዘበነ መጡ። በትራቸውን በሩ ላይ አስደግፈው፣ "ዛሬ ከየት ነን? ከደወሉ አልፈናል አይደል?"

ማን ይንገራቸው? እኔ ስክሪኑን አያለሁ። ማርታ ከፎቶ ኮፒው ጋ ተነሣች።

"አባ፣ ጠፍቷል። እኔ ነኝ ያጠፋሁት።"

"ሁሉንም?"

"ሁሉንም።"

"ደወሉንም?"

"ደወሉንም፣ አባ።"

በትራቸውን አነሡ፣ ወጡ። ቢረግሙ ይሻል ነበር።

"እኔ ነኝ" አለች እኮ! ሳታጠፋ። እኔ ከቴሌቪዥን ጋር እንኳ አፍ የተካፈትኩ፣ ዛሬ ያ አፌ የት ሄደ?

በምሳ ሰዓት ከጓሮ ሰማኋት። "እሺ እማ። ዓርብ እመጣለሁ። ለደላላው ንገሪው።" አላለቀሰችም። ብታለቅስ እኮ...

ዓርብ ማለት ከነገ ወዲያ በማግስቱ ነው።

ሐምሌ 30

ተናገርኩ።

ለማርታ ብቻ በጆሮዋ ልነግራት ነበር ሐሳቤ። ግን ሸፍናልኝ ብትሄድስ? ታደርገዋለች። ስለዚህ ደንበኛው ሁሉ ተሰብስቦ እያለ ተነሣሁ።

"ጋሽ እንግዳው፣ እኔ ነኝ።"

"ምኑን?"

"ያጠፋሁት። ጌሙ ውስጥ ወጥመድ አስቀምጬ ነበር። ለበዓሉ ቀን። ማርታ ቀኑን በፈረንጅ ስታደርገው ቀድሞ ፈነዳ። እሷ ምንም አላጠፋችም።"

"ወጥመድ? ምን አድርጋሽ?"

"ምንም። ቀንቼባት ነው።"

ከገጠር የመጣ አንድ ሰውዬ "ምን አለች?" ብሎ ጎረቤቱን ጠየቀ፣ ያኛው በኽምጣንጋ ተረጎመለት። ሰውዬው ከንፈሩን መጠጠ። በሁለት ቋንቋ ተዋረድኩ።

ጋሽ እንግዳው አልጮሁም። እሱ ነው ያስፈራኝ። በሩን አሳዩኝ። "ከዛሬ ወዲያ እጅሽ የኔን ኪቦርድ እንዳይነካ። ሰማሽ? እጅሽ!"

ማርታ ተከትላኝ ወጣች። በጥፊ ትለኛለች ብዬ ጉንጬን አዘጋጅቼ ነበር።

"የት ነበር የደበቅሽው?"

"በስተቀኝ። ባዶ ቦታ ጨማምሬ ገፍቼው።"

"ማን አሳየሽ?"

"ማንም።"

"አንድም ስህተት የለበትም ማለት ነው" አለች፣ ለራሷ የምታወራ ይመስል። ከዚያ ገነፈለች። "ቤይሩት ልትከቺኝ ነበር! ለአንድ ወንበር! ያምሻል እንዴ? ከወንድሞቼ በላይ ሠርኬ እያልኩ..." ጮኸች፣ አፍንጫዋ ቀላ፣ ንፍጧ ወረደ። ስታለቅስ ግን አታምርም። እፎይ አልኩ። (ምን ዓይነት ሰው ነኝ?)

ነሐሴ 2

ዛሬ ዓርብ ነው፣ ማርታ ግን አልሄደችም። በመስኮቱ አጮልቄ አየሁ፣ ወንበሩ ላይ ናት። ዲፕሎማው ተመልሷል፣ ትንሽ ዘሞ ነው የተሰቀለው። እማዬ ሁሉንም ሰምታለች፣ ከተማው ሁሉ ሰምቷል። ምሳ አቅርባልኝ "አሁን ደግሞ ከኮምፒውተር ተጣላሽ?" አለች።

ነሐሴ 4

አባ ዘበነ ቤት ሄድኩ። ጉልበታቸውን ልስም ጎንበስ ስል በትራቸው መለሰኝ።

"ቂም የለኝም። ጊዜም የለኝም። ወረቀት ይዘሻል?"

ካሬ ደብተሬን አወጣሁ። ጀመሩ፣ ከመጀመሪያው። እኔ እጽፋለሁ፣ ማርታ ትተይበዋለች፤ ጋሽ እንግዳው በዚህ ተስማምተዋል። ደወሉ ጋ ስንደርስ በትራቸውን አጋደሙ። "መጀመሪያ ስናገር ደወሉ በመብረቅ ተሰነጠቀ ብያለሁ። ጽሕፈት ቤቱ ሰው ሞልቶበት አፍሬ ነው። እኔ ነኝ የሰነጠቅኩት። ዲያቆን ሆኜ፣ የጓደኛዬ አደዋወል ስለተወደሰ ተናድጄ በመዶሻ ብመታው..."

እርሳሴ ቆመ።

"ምን ታይኛለሽ? ጻፊው።"

ጻፍኩት።

ነሐሴ 6

አሥራ ሁለት ገጽ ለማርታ በመስኮቱ ሰጠኋት። ሳታየኝ ተቀበለች። ገጹን ግን አየችው። "ሰባቱ አንድ ይመስላል" አለች። ይኼው ነው። አንድ ሳምንት ሙሉ ያናገረችኝ ቃል።

ነሐሴ 10

በዓሉ። አዳራሹ በር ላይ ቆምኩ። የኛ ኮምፒውተር የለም። አንድ ልጅ ከሽቦ የሠራትን መኪና አሳየ፣ መሪዋ ይዞራል። ተጨበጨበለት። ቀናሁ። ለመቅናትማ ጉልበት አላጣሁም።

ማርታ ከወዲያኛው ግድግዳ ጋ ቆማ ነበር። የሽቦዋን መኪና እያየች ከንፈሯን ነክሳለች። ዓይን ለዓይን ተገጣጠምን። አውቃለሁ ምን እንዳሰበች፤ የኛ ይበልጥ ነበር።

ነሐሴ 12

የተየበችውን ለአባ እንዳሳይ መለሰችልኝ። በመጨረሻው ወረቀት ጀርባ በእጅ ጽሑፍ፦ "ሠላሳ ስድስቱን ላኪ። መርከቧንም። የጠላቶቹን አወራረድም በወረቀት ጻፊው፣ እንዳለ አስገባዋለሁ።"

ቀኑን ሙሉ ጻፍኩ። ሁሉንም፣ በወረቀት፣ መስመር በመስመር። በኪቦርድ ቢሆን ኮምፒውተሩ ይሰድበኝ ነበር፤ ወረቀት አይሳደብም፣ ስለዚህ ሦስቴ አጣራሁ። የሆነ ቦታ ላይ ሳይን ያስፈልገኛል። ወረቀቱ ግርጌ ላይ ጻፍኩላት፦ "ሳይን ምንድን ነው? አላውቀውም ነበር።"

ነሐሴ 14

ሁለት ገጽ ሙሉ መልስ! ሦስት ማዕዘን፣ ክብ፣ ቀስት... ግልብጥ አድርጌ አየሁት። ከፊትም ከኋላም ጽፋበታለች።

ነሐሴ 20

ሻደይ ነው። ከተማው ከበሮ በከበሮ። ከሰዓት የመጨረሻውን የአባን ወረቀት ልሰጥ መስኮቱ ጋ ሄድኩ። ማርታ አልተቀበለችኝም። ስክሪኑን ወደ መስኮቱ አዞረችው።

ጠፈር። የበረዶው ድንጋይ። ቀኝ ጫፍ ላይ ፀሐይ። መርከቤ!

"አንቺ ተጫወቺ፣ እኔ ልይ" አለች። እጄን ልሰድ ስል ጋሽ እንግዳው ከውስጥ፦ "እጅ!"

"አልነካሁም!"

"ታዲያ እንዴት ልትጫወት ነው፣ ጋሼ?"

"እኔ ምን አገባኝ። አፏን አልከለከልኩም።"

ሁለቱን እጄን ወደ ኋላዬ አጣምሬ አሳየኋቸው። ማርታ ጣቶቿን አዘጋጀች። የሻደይ ሴቶች ቄጠማቸውን እንደታጠቁ መጥተው ከኋላዬ ተደረደሩ፣ ከበሮው ዝም አለ። አንዷ "የማን ነው ይሄ?" ስትል ማርታ በአገጯ ወደኔ ጠቆመች።

"የሁለታችን ነው" አልኩ። "መርከቧ ግን የኔ ናት።"

"ተናገሪ እንጂ!" ትለኛለች ማርታ። "መጡ እኮ!"

ግራ! ቀኝ! ተኩሺ! እኔ እጮሃለሁ፣ ጣቷ ይሄዳል። አንድ ጭልፊት። ሦስት። ስድስት። ሴቶቹ በየአንዳንዱ እልል ይላሉ። ሰባት። ስምንተኛዋ ጠፋች። የት ገባች? ዙሯን አጥብባ... "ከፀሐይ በኩል!" ብዬ ጮህኩ።

ቃሉ ከአፌ ሳይወጣ ማርታ መርከቧን አዙራ ነበር። እነዚያ ጣቶቿ! ዛሬም ያናድዱኛል።

መታናት።